ሳያልቅ ስለ መዝጋት

ሰው አንድን ነገር መውሰድ የሚተውበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ነገሩ ስላለቀበት ነው፤ ሁለተኛው ግን ነገሩ ሳያልቅ፣ ዓይን እያየው እጅም እየደረሰበት፣ ለነገ ብሎ ሲተወው ነው። ለፊተኛው መተው ጥበብም ትዕግሥትም አያስፈልግም፤ ምንጩ የደረቀ እንደ ሆነ እንስሳም ቢሆን ተመልሶ ይሄዳልና። ሁለተኛው መተው ግን የሰው ብቻ ነው፤ የሰው ብቻ በመሆኑም እጅግ የከበደ ነው። ምክንያቱም ያልመጣውን ቀን እንደ መጣ አድርጎ ማየትን፣ ያልተወለደውንም ልጅ በማዕድ ዙሪያ እንደ ተቀመጠ አድርጎ መቍጠርን ይጠይቃል።

አንድ ሰው ራሱን ብቻ ቢከለክል ትዕግሥት ነው ተብሎ ይመሰገንበታል፤ የሚነቅፈውም የለም። ማኅበር ግን ሁሉን በአንድነት የከለከለ እንደ ሆነ፣ ከተከለከሉት መካከል ዛሬ የቸገረው ሰው አይታጣም። እንግዲህ ሳሩ በተራራው ላይ እየተወዛወዘ፣ ዓሣውም በውኃው ውስጥ እየተርመሰመሰ፣ ለቸገረው ሰው «አትንካ፤ ጊዜው አልደረሰም» ማለት በምን ሥልጣንና በምን ፍርድ ነው? ክልከላው ጥበብ ነውን ወይስ ጭካኔ? ይህ ጥያቄ የግብርና ወይም የንግድ ጥያቄ ብቻ ይመስላል፤ ከሥሩ የተመለከቱት እንደ ሆነ ግን የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ሲሄዱ፣ በጥንቱ አከፋፈል ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት የተመደበው የመንዝ አገር ይገኛል። በዚያም ምድሩ ወደ ቆላው ከመቆረጡ በፊት ከፍ ብሎ በተቀመጠው ደጋ ላይ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሳር ምድር አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሳር ነው፤ ሳሩም ለቤት ክዳንና ለገመድ እጅግ የተመረጠ ነው። ከዚህ ደጋ የሚነሡት ብዙ ወንዞች ከፊሎቹ ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በአገራችን እንጂ በሌላ ዓለም የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም መኖሪያቸው በዚሁ ነው።

የጓሳ ሳር ቶሎ አይደርስም። ውርጭ በበረታበት ምድር የሚበቅል ነውና፣ አንድ ጊዜ ከታጨደ በኋላ ለክዳን የሚበቃ ቁመት እስኪያገኝ ዓመታት ያስፈልጉታል። ስለዚህ የአገሩ አባቶች ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ቄሮ የተባለ ሥርዓት አቆሙለት። በዚህ ሥርዓት ምድሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር። በተዘጋበት ዘመን ማጭድ አይገባበትም፤ ከብት አይሰማራበትም፤ ማገዶም አይለቀምበትም። አባ ቄራ ተብለው የተመረጡት አለቆች የሳሩን እድገት ተመልክተው ደረሰ ያሉ እንደ ሆነ፣ የሚከፈትበት ቀን ለሕዝቡ ይነገራል። በዚያን ጊዜ በበጋው ወራት ባለ መብቱ ሁሉ በአንድነት ወጥቶ ያጭዳል፤ ከአጨዳውም በኋላ ከብቱን ያሰማራል። ክረምቱ ሲቃረብ ግን ሰውም ከብትም ይወጣል፤ ምድሩም እንደ ገና ይዘጋል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የመዝጊያው ጊዜ ነው። ምድሩ የሚዘጋው ሳሩ ሥሩ እስኪታይ ተግጦ ባለቀ ጊዜ አልነበረም። ገና የሚታጨድና የሚጋጥ ሳለ፣ አንዳንዱም ሰው «ጥቂት ቀን ቢጨመርልን» እያለ ሳለ ይዘጋ ነበር። የሥርዓቱ ጥበብም በዚህች «ጥቂት ቀን» ላይ ነው። ሁሉም ሰው የሚለምናት ያች ጥቂት ቀን ሥሩን የምታደርቀው ቀን ናትና። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ሳሩ ካለቀ በኋላ የሚታወጅ ክልከላ ማንንም አያድንም።

ጥበቃውም ለጥቂት ዘበኞች የተተወ አልነበረም። ከየመንደሩ አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በተራ እየወጣ ይጠብቅ ነበር። ሥርዓቱን ተላልፎ በተገኘውም ላይ እርጥብ የአንበሳ ቆዳን የመሰለ፣ ሊገኝ የማይችል ካሣ ይፈረድበት እንደ ነበር ይነገራል። ይህ ፍርድ ላይ ላዩን ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥልቅ ትርጓሜ አለው። አንድ ሰው ያለ ጊዜው ያጨደውን አንድ ሸክም ሳር በገንዘብ ቢተምኑት ዋጋው ጥቂት ነው። የተሰረቀው ግን ሳሩ ብቻ አይደለም፤ ሳሩን ያሳደጉት ዓመታትም ጭምር ናቸው። ዓመትን መልሶ የሚከፍል ባለጸጋ ደግሞ ከቶ አይገኝም። ስለዚህ በዳዩ ሊከፍል የማይችለውን ተጠይቆ፣ በማኅበሩ ፊት ወድቆ ምሕረት ከመለመን በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

አሁን የተቃዋሚውን ቃል መስማት ይገባል። ምድሩ በተዘጋ በሁለተኛው ዓመት የአንዲት መበለት ቤት ክዳኑ አርጅቶ አፈሰሰ እንበል። ልጆቿ በውርጭ ምድር በክረምት ሌሊት ይርሳሉ። ከደጇ ቆማ ወደ ተራራው ብትመለከት ለአንድ ሺህ ቤት የሚበቃ ሳር ይታያታል። የእርሷ አንድ ሸክም ተራራውን አያራቁተውም፤ ይህ እውነት ነው። ታዲያ ማኅበሩ «አይሆንም» ሲላት፣ ዛሬ በእውነት ያለውን መከራ፣ ነገ ሊመጣ ይችላል ተብሎ ለሚፈራው መከራ መሠዋቱ አይደለምን?

ለዚህ የሚሰጠው መልስ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የዘር እህል ምሳሌ ነው። ገበሬ በሰኔ ወር ጎተራው ባዶ ሆኖ ልጆቹ ሲርባቸው፣ ለዘር ያስቀመጠው እህል በቤቱ ሳለ አይነካውም። ይህንም የሚያደርገው ልጆቹን ስለ ጠላ አይደለም፤ ዘሩን የበላ ሰው የዛሬን ረኀብ አንድ ሳምንት አራዝሞ የሚመጣውን ዓመት በሙሉ እንደሚያጣ ስለሚያውቅ ነው። የመበለቲቱ አንድ ሸክም ተራራውን አያራቁትም፤ ነገር ግን ለእርሷ የተፈቀደው በር ለሁሉ የተፈቀደ በር ይሆናል፤ ችግር የሌለበት ቤት የለምና። አንድ ጊዜ ቀዳዳ የተገኘለት አጥርም ከዚያ በኋላ አጥር አይባልም።

ሁለተኛው የመልሱ ክፍል ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል፤ ብዙዎችም ይዘሉታል። ክልከላው ለሁሉ የሚጠቅም ከሆነ፣ ሸክሙ በመበለቲቱ ጫንቃ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። ተራራው በመዘጋቱ የነገ ክዳኑ የተጠበቀለት ባለ ብዙ ከብት ጎረቤት፣ ከቤቱ ካከማቸው ሳር ለእርሷ የመስጠት ዕዳ አለበት። ይህም ምጽዋት ተብሎ ሊቈጠር አይገባውም፤ ዕዳ ነው። የተራራው በር ሲዘጋ የጎረቤት እጅ መከፈት አለበት። ይህ ያልሆነ እንደ ሆነ ግን ክልከላው ባለጠጋው በድኻው ትዕግሥት የሚበለጽግበት ዘዴ ይሆናል። እንግዲህ ክልከላ በራሱ ጥበብም ጭካኔም ሊባል አይችልም፤ አንዱን ወይም ሌላውን የሚያደርገው ከእርሱ ጋር የሚመጣው ወይም የሚቀረው መረዳዳት ነው።

የመንዙም ሥርዓት ነቀፋ የሌለበት ነበር ለማለት አይቻልም። መብቱ አስቦና ጌራ ከተባሉት ቀደምት አባቶች በመወለድ በአጽመ ርስት የሚያዝ ነበርና፣ ከእነርሱ ዘር ያልተቈጠረ ሰው ተራራው ቢከፈትም ቢዘጋም ለእርሱ ያው ነበር። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ርስት ቀረ፤ ከርስት ጋር የተያያዘው የቄሮ ሥልጣንም አብሮ ወደቀ። ትላንት የተከለከለው ሰው ዛሬ ባለ መብት ሆነ፤ ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን የሚዘጋውና የሚጠብቀው አካል ስለ ታጣ፣ የቀድሞው ጥንቃቄ ላላ፤ በምድሩም ላይ ማጭዱና ከብቱ በዛ። ከዚህም ሁለት ትምህርት ይገኛል። ፍትሕ የጎደለው ጥበቃ በመጨረሻ ወዳጅ አጥቶ ይፈርሳል፤ ጥበቃ የሌለው ፍትሕም ለሁሉ እኩል የሚያካፍለው ነገር ያጣል።

የአገሩ ሰዎች ግን በፍርስራሹ ላይ ተቀምጠው አልቀሩም። በጓሳ ዙሪያ ያሉት ቀበሌዎች ወኪሎቻቸውን መርጠው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው፣ የመዝጋትንና የመክፈትን ልማድ በአዲስ መልክ አቆሙት። የአማራ ክልል መንግሥትም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ምድሩን በማኅበረ ሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ ብሎ በደንብ አጸናው። ስለዚህ ሥርዓቱ በአባቶች ዘመን ብቻ ሊኖር የሚችል የድሮ ነገር አለመሆኑ ታየ። ዘር ሳይቈጠር፣ በአንድ አጥቢያ የሚኖሩ ሰዎች ተስማምተው ራሳቸውን መከልከል ይችላሉ።

ከሳሩ ወደ ዓሣው የተሻገሩ እንደ ሆነ ነገሩ የበለጠ ይጠነክራል፤ ሳሩን ዓይን አይቶ ሊሰፍረው ሲችል ዓሣውን ግን ውኃ ይሸፍነዋልና። በጣና ባሕር ዓሣ የማስገር ሥራ ከጥንት ጀምሮ በደንገል ታንኳ የሚሠራ፣ በዳር በዳር የሚወሰን ነበር። በ1978 ዓ.ም. ግን የመንግሥት የዓሣ ሀብት ክፍል፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የሆላንድ አገር በጎ አድራጊ ማኅበር በአንድነት ሆነው በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችንና ብርቱ መረቦችን ለአሥጋሪዎቹ አስመጡ። አሳቡ የተቀደሰ ነበር፤ ድኻው እንዲጠግብ፣ ገበያም እንዲያገኝ ነው። ዓሣውም ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ገበያ አገኘ፤ ይልቁንም በጾም ወራት ፈላጊው በዛ።

በጣና ውስጥ ላቤዮባርበስ የሚባል የዓሣ ወገን አለ፤ ከ15 የማያንሱ ዓይነቶቹም በዓለም ላይ ከዚህ ባሕር በቀር በሌላ ሥፍራ አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምቱ ማብቂያ ለመራባት ከባሕሩ ወጥተው እንደ ጉማራ ወዳሉት ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ሁሉም በአንድ ወራትና በአንድ በር ያልፋሉና፣ ከወንዙ አፍ ላይ መረቡን የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት የሚያገኘውን በሌላ ጊዜ በሳምንት አያገኘውም። የሚይዘው ግን እንቁላል የተሸከመችውን እናት ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዐሥር ዓመታት የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው፣ ከእነዚህ ዓሦች በክብደት ሲታሰብ ሦስት አራተኛው ያህል ጐደለ፤ የግልገሎቹም መጉደል ከዚህ የባሰ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 የማስገር ሥራ በሥርዓት እንዲመራ አዘዘ። ነገር ግን አዋጅ በወረቀት ላይ ሲጻፍ በወንዝ አፍ ላይ የሚቆም ሰው ካላገኘ፣ መረቡ ከወረቀቱ ይረዝማል።

ከዚህ ሊወሰድ የሚገባው ቁም ነገር አለ። ለተራበ ሰው ብርቱ መረብ መስጠት በጎ ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን መረቡን የሰጠ ሁሉ ከመረቡ ጋር ልኩንም መስጠት ይገባዋል። ኃይል ሲጨመር ጥንቃቄው አብሮ ካልተጨመረ፣ በጎ አድራጎት ራሱ የረኀብ መንገድ ጠራጊ ይሆናል። በደንገል ታንኳ ዘመን የባሕሩ ጠባቂ የታንኳው ድካም ነበር፤ ታንኳው መሄድ በማይችልበት ሥፍራ ዓሣው ያርፍ ነበር። ሞተር ሲመጣ ያ ሳይታወቅ ይጠብቅ የነበረው ጠባቂ ተሻረ፤ በእርሱም ፈንታ የሰው ኅሊናና የሰው ሕግ መቆም ነበረበት።

አሥጋሪው ስለዚህ ነገር የተጠየቀ እንደ ሆነ የሚሰጠው መልስ ይታወቃል፦ «እኔ ብተወው ሌላው ይይዘዋል» ይላል። ብዙዎች ይህን የስግብግብ ቃል ነው ብለው ይንቁታል። በውኑ ግን የፍርሃት ቃል ነው፤ ሐሰትም የለበትም። ብቻውን የሚታገሥ ሰው ትዕግሥቱን ለማይታገሠው ሰው ስጦታ አድርጎ ይሰጣል፤ ዓሣውም አይድንም፣ የልጆቹም ማዕድ ይጐድላል። ስለዚህ እያንዳንዱን አሥጋሪ በየብቻው መገሠጽና መምከር አይበቃም። ለሁሉ በአንድ ቀን የሚዘጋ፣ ለሁሉም በአንድ ቀን የሚከፈት በር ያስፈልጋል። ሕግ ሁሉን በአንድነት ሲያስር፣ በአንዱ ላይ ሞኝነት የነበረው ትዕግሥት በሁሉ ላይ ጥበብ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ እዚህ ላይ ግን የሚታሰረው አንበሳ የእያንዳንዱ ሰው ፍርሃት ነው።

በሌሎችም አገሮች የሆነው ይህንኑ ያስረዳል። በካናዳ ምሥራቅ ጠረፍ፣ በኒውፋውንድላንድ ባሕር፣ ኮድ የሚባለው ዓሣ አምስት መቶ ዓመት ያህል ሲሠገር ኖረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ታላላቅ መርከቦች መጥተው ከዚያ በፊት ያልታየ ብዛት አወጡ። ሊቃውንት መቀነሱን ሲናገሩ ሹማምንቱ የሠራተኛውን ሥራ ማጣት ፈርተው ልኩን በጊዜው አላሳነሱም። በመጨረሻ በ1992 በሐምሌ ወር ማስገሩ ተዘጋ፤ በዚያን ጊዜ ግን ለመራባት የደረሰው ዓሣ ከቀድሞው አንድ መቶኛ ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር። ወደ 30,000 የሚሆን ሰው በአንድ ቀን ሥራ ፈታ። ለሁለት ዓመት ያህል ይዘጋል የተባለው ባሕርም የንግዱ እገዳ የተነሣለት ከ32 ዓመት በኋላ በ2024 ነው። እንግዲህ ለሠራተኛው በማዘን የዘገየው ክልከላ ለሠራተኛው አላዘነለትም።

በፔሩ አገር ደግሞ በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አንቾቪ የተባለ ትንሽ ዓሣ ወጣ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የባሕሩ ሙቀትና የመረቡ ብዛት ተባብረው ከ2 ሚሊዮን ቶን በታች አወረዱት። ይህን የቀመሱት ሰዎች ልጆች በ2023 ባሕሩን መርምረው ያልደረሱ ግልገሎች መብዛታቸውን ባዩ ጊዜ፣ በሰሜኑና በመካከለኛው ጠረፍ የዓመቱን የመጀመሪያ የማስገር ወራት ጨርሶ አስቀሩት። በአላስካም የወንዙ ጠባቂዎች በወንዝ ዳር በተሠራ ማማ ላይ ቆመው ወደ ላይ የሚያልፈውን ሳልሞን ይቈጥራሉ፤ ለዘር የሚበቃው ማለፉን ሳያረጋግጡ መረብ እንዲዘረጋ አይፈቅዱም፤ የሚከፍቱትና የሚዘጉትም በሰዓት ነው። የመንዝ አባ ቄራ ተራራው ላይ ቆሞ ሳሩን የሚመለከትበት ዓይንና ይህ ዓይን አንድ ነው።

ዳሩ ግን አስቀድሞ በሚዘጋው ሰው ላይ የማይቀር አንድ መከራ አለ። ዘግይቶ የዘጋው ሰው ጥፋቱ ለሁሉ ይታያልና፣ ሕዝቡ ያዝንለታል፤ «ባሕሩ ከዳን፤ ዘመኑ ከፋ» ተብሎም ይታለፋል። አስቀድሞ የዘጋው ሰው ግን ያዳነው ነገር አይታይለትም። ሳሩ ባያልቅ፣ ዓሣውም ባይጠፋ፣ «እንኳን ዘጋህ» የሚለው የለም፤ «ይኸው በከንቱ አስራበን» ይሉታል እንጂ። ያልደረሰ ጥፋት ምስክር ሆኖ ሊቆም አይችልምና፣ እርሱም ትክክል መሆኑን ማስረዳት አይሆንለትም። ዳኛው በውጤቱ ብቻ የሚፈርድ ከሆነ አስቀድሞ የሚዘጋ ሰው ሁልጊዜ ይፈረድበታል፤ ከዚህም የተነሣ ሹማምንት ሁሉ ዘግይቶ መዝጋትን ይመርጣሉ።

ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው የሚመዘነው በውጤቱ ሳይሆን በአደራረጉ ሊሆን ይገባል። ከመዝጋቱ በፊት ቈጥሮአልን? ምክንያቱን ለሕዝቡ ገልጦአልን? ራሱንና ዘመዱን ከክልከላው ውስጥ አግብቶአልን? የሚከፈትበትን ጊዜ ወይም ምልክት አስታውቆአልን? እነዚህን የፈጸመ እንደ ሆነ፣ ፍርሃቱ ከልክ ያለፈ ሆኖ እንኳ ቢገኝ፣ ጥፋቱ ሊታረም የሚችል ጥፋት ነው፤ በሚመጣው ዓመት ቀድሞ ይከፍታል፣ ሳሩም በቦታው ይቈየዋል። የዘገየው ሰው ጥፋት ግን መታረሚያ የለውም። ከሁለት ስሕተት አንዱን መምረጥ ግድ በሆነ ጊዜ፣ መመለሻ ያለውን መምረጥ የልባም ሰው ነው።

ሌላው ተቃዋሚ ደግሞ «አንዱ ቢያልቅ ሌላ ይተካል» ይላል፤ ለቃሉም ማስረጃ አያጣም። ዳግማዊ ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ በወረዱ ጊዜ፣ የአካባቢው ዛፍ በጥቂት ዘመን ተጨፍጭፎ ማገዶ ታጣ፤ ከተማውም ወደ ሌላ ሥፍራ ሊዛወር ታስቦ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ አድጎ ከተማውን አዳነ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተገኘ ማምለጫ ሁልጊዜ አይገኝም። ለማገዶ ባሕር ዛፍ ተገኘለት፤ በጣና ብቻ ለሚኖር ዓሣና በደጋ ብቻ ለሚኖር ቀይ ቀበሮ ግን ከየትኛው አገር ምን ይመጣላቸዋል? ምትክ ይገኛል ብሎ ያለውን የሚጨርስ ሰው፣ ዕዳውን በማያውቀው ሰው ስም የሚጽፍ ተበዳሪን ይመስላል።

የኦሪት ሕግም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። በሰባተኛው ዓመት ምድር እንድታርፍ ታዟል፤ በዚያም ዓመት ከራሷ የበቀለው ለድኻውና ለምድር አራዊት እንዲቀር ተወስኗል። ደግሞም የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ቢወስድ እናቲቱን እንዲለቅ በዘዳግም ተጽፏል። የሕጉ አሳብ ሲመረመር፣ ሰው ከፍሬው እንዲበላ ተፈቀደለት፤ ፍሬውን የምትሰጠውን ግን እንዳያጠፋ ተከለከለ። በወንዙ አፍ ላይ የተዘረጋው መረብ እናቲቱንና ጫጩቶቹን በአንድነት የሚወስድ እጅ ነው። በሰባተኛውም ዓመት ሕግ ውስጥ ዕረፍቱና የድኻው ድርሻ በአንድ ቃል መታዘዛቸው ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ምድሪቱ ስትዘጋ ድኻው እንዲዘነጋ አልተፈቀደምና።

እንግዲህ ከተነገረው ሁሉ የሚሰበሰበው ይህ ነው። ሳያልቅ መዝጋት ፍትሕ የሚሆነው አራት ነገሮች የተሟሉለት እንደ ሆነ ነው። አንደኛ፣ ለሁሉ እኩል ይሁን፤ ለባለ ሞተሩ ተከፍቶ ለባለ ታንኳው የሚዘጋ ባሕር አይኑር። ሁለተኛ፣ ጠባቂዎቹ ከሚከለከሉት ሰዎች መካከል ይነሡ፤ ሰው ከውጭ ከመጣበት ዘበኛ ይልቅ ራሱ የመረጠውን አባ ቄራ ይፈራልና፣ ያከብራልምና። ሦስተኛ፣ ሥራው ለቆመበትና ጣራው ለሚያፈሰው የሚደርስ እጅ ከክልከላው ጋር አብሮ ይታዘዝ። አራተኛ፣ የተዘጋው በጊዜው ይከፈት፤ የማይከፈት በር ጥበቃ መባሉ ቀርቶ ቅሚያ ይሆናልና፣ የተቀማም ሰው በሌሊት አጥሩን ቢጥስ የሚፈርድበት ኅሊና አያገኝም።

ይህ ነገር የገበሬውና የአሥጋሪው ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ የከተማ ሰው ቢኖር ራሱን ይመርምር። በክረምቱ ማብቂያ እንቁላል የተሸከመው ዓሣ ከወንዝ አፍ የሚወጣው፣ በከተማ ገዥ ስላለው ነው። ገዥው «ይህ መቼና ከየት ተያዘ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ብቻ ግማሽ ጠባቂ ይሆናል። በደብሩም የሚያስተምር ካህን ስለ ጾም ሲናገር፣ ሰው ከመብል መከልከሉ ለነፍሱ እንደሚጠቅም ያስረዳል፤ አንድ ሕዝብ በአንድነት ከሳሩና ከዓሣው የሚከለከልበት ጊዜም ላልተወለዱት ልጆች የሚደረግ ትዕግሥት መሆኑን ቢያስረዳ ከርእሱ አልወጣም። ያልተወለዱት በሸንጎ ተቀምጠው ሊሟገቱ አይችሉም፤ መበለቲቱም በሸንጎ ድምፅዋ አይሰማም። ሸንጎው ስለ ሁለቱም የሚናገር ሰው ያገኘ እንደ ሆነ፣ ተራራው በጊዜው ይዘጋል፤ የመበለቲቱም ቤት ሳያፈስ ይከርማል።